ስቲቨንሰንና የተከራያት መርከብ

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በዓለም ዘንድ የታወቀው በድርሰቱ ነው። ስለ ተቀበረ ሀብትና ስለ ባሕር ወንበዴዎች የጻፈው ‹‹ትሬዠር አይላንድ›› የተባለው ልብ ወለድ በ1883 በመጽሐፍ መልክ ከታተመ ወዲህ፣ በየቋንቋው እየተተረጐመ ትውልድ ከትውልድ ሲያነበው ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ደራሲ ከመሐንዲሶች ቤት የተወለደ፣ ራሱም በምሕንድስና የተማረና በዚሁ ሙያ ባቀረበው ጥናት ሜዳልያ የተሸለመ ሰው መሆኑን የሚያውቁ ብዙዎች አይደሉም። ከዚህም ይልቅ ሳይነገር የቀረው፣ በ1888 አንዲት የሸራ መርከብ ተከራይቶ ቤተሰቡን ይዞ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ሲጓዝ ከሞት ጋር ምን ያህል ተቀራርቦ እንደ ነበረ ነው። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ብቻ የሚተው አይደለም። የሰው ሕይወት የሚያርፍበትን ሥራ መርምሮ ደኅና ነው ብሎ ለሚፈርም ባለሙያ ሁሉ የሚነግረው ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመብራት ሠሪዎቹ ቤተሰብ

ስቲቨንሰን ኖቬምበር 13 ቀን 1850 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ ተወለደ። ስሙን የወረሰው ከአያቱ ከሮበርት ስቲቨንሰን ሲሆን፣ እኒህ አያት በስኮትላንድ ጠረፍ ለመርከበኞች መንገድ የሚያሳዩ በርካታ የመብራት ማማዎችን የሠሩ ስመ ጥር መሐንዲስ ነበሩ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ጎልቶ የሚነገረው በቤል ሮክ ላይ የቆመው ማማ ነው። ቤል ሮክ የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ጨርሶ የሚሰወር፣ ብዙ መርከብ የሰበረ ቋጥኝ ነበር። ሥራው በ1807 ተጀምሮ መብራቱ የበራው በ1811 ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሠራተኞቹ መሠረቱን መፈልፈል የሚችሉት ውሃው በሚሸሽባቸው ጥቂት ሰዓቶች ብቻ ነበር። ማማው ሁለት መቶ ዓመት አልፎትም ዛሬ በቦታው ቆሞ ያበራል። የደራሲው አጎት አለን ስቲቨንሰንም በ1844 ሥራ በጀመረው በስኬሪቮር ማማ ስማቸው ይነሣል። ደራሲው በኋላ በደቡብ እንግሊዝ በቦርንማውዝ ከተማ የኖረበትን ቤት በዚህ ማማ ስም ጠርቶታል።

አባቱ ቶማስ ስቲቨንሰንም የዚሁ ሙያ ባለቤት ነበሩ። የማዕበል ጉልበት የሚለካበትን መሣሪያ ሠርተዋል፤ የመብራት ማማዎች ብርሃን ሳይባክን ወደ ባሕሩ እንዲወረወር የሚያደርገውን የመስተዋት አሠራር አሻሽለዋል። ዛሬ በየአገሩ የአየር ጠባይ ጣቢያ የሚታየው፣ ቴርሞሜትር የሚቀመጥበት ነጭ ባለ ሽንሽን የእንጨት ሳጥንም የእርሳቸው ፈጠራ ነው። ነገር ግን ቶማስ ሽንፈትንም ያውቁ ነበር። በሰሜን ስኮትላንድ በዊክ ወደብ ያሠሩትን የማዕበል መከላከያ ግንብ ባሕሩ ደጋግሞ አፈረሰው። በ1872 ማዕበሉ ከ1,000 ቶን በላይ የሚመዝን የድንጋይና የኮንክሪት ክምር ከቦታው ነቅሎ ወሰደ፤ ግንቡ እንደገና ተጠግኖ በ1877 እንደገና ፈረሰ። በስሌትና በልምድ የተደገፈ ሥራ እንኳ በባሕር ፊት ሊረታ እንደሚችል ልጁ በአባቱ ቤት ሆኖ አየ።

ወጣቱ ስቲቨንሰን በ1867 ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰቡን ሙያ እንዲከተል ታስቦ ነበር። ከመምህሮቹ አንዱ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ በመዘርጋት የታወቁት ፕሮፌሰር ፍሊሚንግ ጄንኪን ነበሩ፤ ደራሲው በኋላ የእኒህን መምህር የሕይወት ታሪክ ጽፏል። በ1868 ክረምት በዊክ ወደብ ለሥራ ልምምድ ሳለ የጠላቂዎችን ከባድ ልብስ ለብሶ ወደ ባሕሩ ወለል ወርዷል። በ1869 ከአባቱ ጋር በመብራት ቁጥጥር መርከብ ወደ ኦርክኒና ሼትላንድ ደሴቶች ተጓዘ። በ1870 ደግሞ ለዱ ሃርታክ ማማ ድንጋይ ይጠረብበት በነበረው በኤሬይድ ደሴት ሰነበተ። በማርች 1871 ብልጭ ድርግም ስለሚል አዲስ ዓይነት የባሕር መብራት ያዘጋጀውን ጥናት በኤዲንበርግ በሮያል ስኮቲሽ የሥነ ጥበባት ማኅበር ፊት አንብቦ የብር ሜዳልያ ተሸለመ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ምሕንድስናውን እንደሚተው ለአባቱ ገለጠ። አባቱ ቢያዝኑም፣ ቢያንስ ጥብቅና ተምሮ መተዳደሪያ እንዲይዝ ጠየቁት። በ1875 በጠበቃነት ቢመዘገብም ሕይወቱ ያዘነበለው ወደ ብዕሩ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ስቲቨንሰን የባሕርን አደጋ ከብዙ ሰው በተሻለ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ዕውቀቱ የዳር ዕውቀት ነበር። ማማ የሚሠራ ሰው ባሕሩን ከቋጥኙ ላይ ሆኖ ይመለከታል፤ መርከብ የሚነዳ ሰው ግን ከውስጡ ሆኖ ያውቀዋል። ስቲቨንሰን በራሱ እጅ የነዳው ጀልባ ቢኖር፣ በ1876 ከአንድ ወዳጁ ጋር በቤልጅግና በፈረንሳይ ወንዞች የተጓዘባት ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ነበረች። በዚያም ጉዞ በጎርፍ በሞላው በዋዝ ወንዝ ላይ የወደቀ ዛፍ ይዞት ለጥቂት ከመስጠም ድኗል።

የኪራዩ ውል

ስቲቨንሰን ከልጅነቱ ጀምሮ በሳንባ በሽታ የሚሠቃይ ሰው ነበር። ደም እያስመለሰው ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ይውል ስለ ነበር፣ ሕይወቱ የሚስማማውን አየር ፍለጋ ከአገር ወደ አገር በመዘዋወር አለፈ። አባቱ በ1887 ሲሞቱ እናቱን፣ ባለቤቱን ፋኒንና የእንጀራ ልጁን ሎይድ ኦስበርንን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የአትላንቲክ ጉዞው እንስሳት በጫነች የዕቃ መርከብ ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ እርሱ ግን ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ደኅና ሆኖ አያውቅም ነበር። የባሕር አየር እንደሚፈውሰው ያመነው ከዚያ ወዲህ ነው። የ1887 መጨረሻና የ1888 መጀመሪያ የብርድ ወራት በኒው ዮርክ ግዛት በሳራናክ ሐይቅ ዳር ከበረዶ ጋር ሲታገል ካሳለፈ በኋላ፣ ከአባቱ ባገኘው ውርስ መርከብ ተከራይቶ ወደ ደቡብ ባሕር ደሴቶች ለመሄድ ቈረጠ። ፋኒ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዳ ሳለ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ካስኮ የተባለች መርከብ አገኘችና በቴሌግራም አስታወቀችው፤ እርሱም ወዲያው ተስማማ።

ካስኮ ርዝመቷ 95 ጫማ ያህል፣ የመጫን አቅሟ 70 ቶን ገደማ የሆነ ባለ ሁለት ምሰሶ ስኩነር ነበረች። ረጃጅም ምሰሶዎቿ፣ ነጫጭ ሸራዎቿና የሚያብለጨልጨው ነሐሷ ዓይን ይማርኩ ነበር። የእንግዳ መቀበያ ክፍሏም እንደ ሀብታም ቤት ሳሎን በሐርና በከፋይ ያጌጠ ነበር። ባለቤቷ ዶክተር ሳሙኤል ሜሪት የተባሉ፣ ቀደም ሲል የኦክላንድ ከተማ ከንቲባ የነበሩ ባለጸጋ ሐኪም ሲሆኑ፣ መርከባቸውን ለማያውቁት ደራሲ ለመስጠት በመጀመሪያ አመንትተው ነበር። ስቲቨንሰንን ራሱን አግኝተው ካነጋገሩት በኋላ ግን ልባቸው ረጋ። ኪራዩ በወር 500 ዶላር፣ ጊዜው ሰባት ወር ሆኖ የጉዞው ወጪ በተከራዩ እንዲሸፈን ተስማሙ። ሜሪት አንድ ግዴታ ግን አስገቡ። ይኸውም መርከቧን የሚያዘው የራሳቸው ሰው ካፒቴን ኦቲስ እንዲሆን ነው።

ውሉን መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታየዋል። ባለመርከቡ ተከራዩን በጥንቃቄ መርምረዋል፤ መርከቧ ራሷ ግን ያንኑ ያህል እንዳልተመረመረች ኋላ ከተገኘው ጉዳት መገመት ይቻላል። ካስኮ የተሠራችው በካሊፎርኒያ ጠረፍ ለእሽቅድምድምና ለሽርሽር እንጂ ለረጅም የውቅያኖስ ጉዞ አልነበረም። የሸራዋ አደራደር ለፍጥነት የታሰበ ነበር። መሪውን የሚይዘው ሰው የሚቆምበት ጉድጓድ ከማዕበል በቂ መከለያ አልነበረውም። ውሃ መቅጃ ፓምፗም አነስተኛና ለችግር ጊዜ የማይታመን ነበር። ይህ ጉድለት ሁሉ በወደብ ውስጥ ቆማ ለሚያያት ተከራይ አይታይም። በአንጻሩ የሜሪት ግዴታ ተጓዦቹን የጠቀመ ትልቅ ነገር ሆነ። ተከራዩ ገንዘቡን ስለ ከፈለ መርከቧን እንዳሻው የሚያዝባት ሳይሆን፣ ባሕር ላይ ቃሉ የሚጸና የሠለጠነ አዛዥ ያለባት ጉዞ ሆነች።

በአደገኛዎቹ ደሴቶች መካከል

ካስኮ ጁን 28 ቀን 1888 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣች። ተሳፋሪዎቹ ስቲቨንሰን፣ ሚስቱ፣ ዕድሜያቸው 60 ሊሞላ የተቃረበው እናቱ፣ ሎይድና አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ካፒቴን ኦቲስ ንግግር የማያበዛ፣ ደራሲም ሆነ የደራሲ ዝና የማያስደንቀው ሰው ነበር። ፋኒ መሪውን ከያዘው መርከበኛ ጋር ጨዋታ ማብዛቷን አይቶ፣ በዚያን ዕለት ሰውየው መርከብ እንዲነዳለት እንጂ እንዲያወራ እንደማይፈልግ በትሕትና ነገር ግን በማያሻማ ቃል እንዳስታወቃት ይነገራል። ቀልድ የተቀላቀለበት ቢሆንም ነገሩ የሥርዓት ጉዳይ ነበር። መሪ የያዘ ሰው ሐሳቡ ለአፍታ ቢከፈል የሚከፈለው ዋጋ የሁሉም ሕይወት ነውና።

መርከቧ በጁላይ ወር በማርኬሳስ ደሴቶች በኑኩ ሂቫ መልሕቋን ጣለች። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ደግሞ ወደ ፓውሞቱ አመራች። መርከበኞች እነዚህን ደሴቶች አደገኛዎቹ ደሴቶች እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ምክንያቱም ከባሕሩ ገጽ ጥቂት ብቻ ከፍ የሚሉ የኮራል ቀለበቶች ስለሆኑ፣ በሌሊት የሚታዩት መርከቧ ደርሳ ልትላተማቸው ስትል ነው። በመካከላቸው ያለው የውሃ ሞገድ አቅጣጫውና ኃይሉ አይታወቅም፤ የዚያን ዘመን ካርታም እምነት የሚጣልበት አልነበረም። የካስኮ ሰዎች ታካሮአ ወደተባለችው ደሴት እንቀርባለን ብለው ሲጠብቁ፣ ሲነጋ ፊት ለፊታቸው ያዩት ሌላዋን ደሴት ቲኬይን ነበር። ሞገዱ ሳይታወቃቸው ከመንገዳቸው አስወጥቷቸው ነበር። አያቱ፣ አጎቶቹና አባቱ ዕድሜያቸውን የሠዉለት የመብራት ማማ ጥቅም ምን እንደ ሆነ፣ ስቲቨንሰን ማማ በሌለበት በዚህ ጨለማ ውስጥ ሳይረዳው አልቀረም። ከዚያ ግን በደኅና ፋካራቫ ገብተው ሰነበቱ፤ በሴፕቴምበር መጨረሻም የታሂቲ ዋና ወደብ ወደሆነችው ፓፔኤቴ ደረሱ።

የበሰበሱት ምሰሶዎች

በፓፔኤቴ የስቲቨንሰን ሕመም ክፉኛ ስለ ተነሣበት፣ የተሻለ አየር ፍለጋ ወደ ደሴቲቱ ሌላ ወገን መሄድ ግድ ሆነ። መርከቧ በኮራሉ ቋጥኝ አጠገብ ነፋስን እየተጋፋች ያደረገችው ይህ አጭር ጉዞ ከጉዞው ሁሉ አስጊው ነበር። በመጨረሻ ታውቲራ ከተባለች መንደር ደርሰው በሽተኛው ማገገም ጀመረ። በዚያም ኦሪ አ ኦሪ የተባለ የአካባቢው ሹም በቤቱ ተቀብሎ አስተናገዳቸው።

የስቲቨንሰን እናት ከመነሣታቸው በፊት የመንደሩን ሴቶች በመርከቧ ላይ ግብዣ ጠርተው ነበር። ከእንግዶቹ አንዲቱ ባልቴት ስለ ተጓዦቹ ስትጸልይ፣ በመርከቧ ወይም በምሰሶዎቿ ላይ ጉድለት ቢኖር ሳይነሡ እንዲገለጥ ለመነች። ካፒቴኑ ስለ መርከቡ ጥርጣሬ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ ግን ምሰሶዎቹ ሲመረመሩ እንጨቱ ከውስጥ በሻጋታ ተበልቶ ተገኘ። ከውጭ ቀለሙ ያላሸበረቀበት ቦታ የለም፤ ከውስጥ ግን ሁለቱም ምሰሶዎች ነፍስ አልነበራቸውም። እስከዚያ ድረስ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ገጥሟቸው፣ ወይም በፓውሞቱ ቋጥኞች አጠገብ ሳሉ ከምሰሶዎቹ አንዱ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ፣ መርከቧን የሚያድናት ነገር ባልነበረ።

ስለ እንጨት ብስባሴ ለሚያውቅ ባለሙያ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ንጹሕ ውሃ በስንጥቅና በመጋጠሚያ ገብቶ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቀር፣ ፈንገስ የእንጨቱን ጉልበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ቀለምና ቫርኒሽ ጉዳቱን ከዓይን ይሰውሩታል። የሚገለጠው ሰው እስከ ጫፉ ወጥቶ በመዶሻ ሲያንኳኳውና በስለት ሲወጋው ነው። ያ ምርመራ የተደረገው ግን በሳን ፍራንሲስኮ በመነሻው ሳይሆን፣ በሺሕ የሚቆጠር ማይል ከተጓዙ በኋላ በታሂቲ ነው። ካስኮ ለጥገና ወደ ፓፔኤቴ ተላከች። በዚያ ሩቅ ወደብ የሚፈለገው ዕቃ በቀላሉ ስለማይገኝ ሥራው ከታሰበው በላይ ዘገየ። የስቲቨንሰን ገንዘብና ስንቅ ተሟጦ ቤተሰቡ በኦሪ ቸርነት ኖረ። እንዲህ ሆኖ በመነሻው ያልተደረገው የምርመራ ሥራ በመንገድ ላይ እጥፍ ዋጋ አስከፈለ።

ዲሴምበር 25 ቀን 1888 ካስኮ ከታሂቲ ወደ ሃዋይ ተነሣች። መንገዱ አንዴ ነፋስ አጥቶ መቆም፣ አንዴ በብርቱ ነፋስ መገፋት ሆኖ አንድ ወር ያህል ወሰደ፤ ምግባቸውም አለቀባቸው። ጃንዩወሪ 24 ቀን 1889 ሆኖሉሉ ሲገቡ ወዳጆቻቸው ሰጥመው ይሆናል ብለው መስጋት ጀምረው ነበር። ስቲቨንሰን በዚያ መርከቧን ለባለቤቷ መልሶ የኪራዩን ዘመን ፈጸመ። ካፒቴን ኦቲስና ተሳፋሪዎቹ የተለያዩት በወዳጅነት ነው።

ከካስኮ በኋላ

ስቲቨንሰን ከዚህ ሁሉ በኋላ ባሕሩን አልተወም። በጁን 1889 ኢኳተር በተባለች የንግድ ስኩነር ወደ ጊልበርት ደሴቶች ተጓዘ። የዚህ ጊዜው ስምምነት ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ያጌጠች የሽርሽር መርከብ ተከራይቶ ሳይሆን፣ ውሃውን በምታውቅና ለሥራ በተሠራች መርከብ ላይ ተሳፋሪ ሆኖ ሄደ። በዲሴምበር 1889 ሳሞአ ወደምትገኘው አፒያ ወደብ ሲደርስ፣ ያለፈው ማርች ዐውሎ ነፋስ ያደረሰው ጥፋት ገና በዓይን ይታይ ነበር።

በዚያ ወር አጋማሽ በጠባቡ ወደብ ውስጥ ሦስት የአሜሪካ፣ ሦስት የጀርመንና አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቆመው ነበር። ባሮሜትሩ ሲወርድ ወደ ሰፊው ባሕር መውጣት እንደሚገባ አዛዦቹ አልጠፋቸውም። ነገር ግን መንግሥታቱ በሳሞአ ጉዳይ ተፋጥጠው ስለ ነበር ማንም ቀድሞ ለመውጣት አልፈለገም። ስድስቱ መርከቦች ሰጠሙ ወይም በዳርቻው ላይ ተጣሉ፤ ከ140 በላይ ሰዎችም አለቁ። ያመለጠችው ካሊዮፒ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ብቻ ናት። ሞተሮቿ በሙሉ ኃይላቸው እየሠሩ ማዕበሉን ሰንጥቃ የወጣችው ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት ነበር። ለዚህም አገልግሎት የመርከቧ መሐንዲስ ማዕረግ ተጨመረለት። ስቲቨንሰን ይህን አደጋ ያዩ ሰዎችን አነጋግሮ በ1892 ባሳተመው የሳሞአ ታሪክ ውስጥ ጽፎታል።

በ1890 ደግሞ ጃኔት ኒኮል በተባለች የእንፋሎት መርከብ ሲጓዝ፣ አንድ ነጋዴ በክፍሉ ያስቀመጠው የርችትና የኬሚካል ዕቃ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ በውሃ ጠፋ። በግርግሩ መካከል መርከበኞች አንድ የሚጤስ ሻንጣ ወደ ባሕር ሊጥሉ ሲሉ ፋኒ ደርሳ አስቆመቻቸው። በሻንጣው ውስጥ የነበሩት የባሏ የእጅ ጽሑፎች ነበሩ። የሻጩን ቃል ብቻ አምኖ የተጫነ ዕቃ ምን እንደሚያመጣ ይህ ድርጊት በቂ ምስክር ነው።

ስቲቨንሰን በዚያው ዓመት በሳሞአ በቫይሊማ መሬት ገዝቶ ቤት ሠራ። የሳሞአ ሰዎች እንደ ወገናቸው አቀፉት፤ እርሱም የእነርሱን መብት በብዕሩ ተሟገተ። ሳንባው ይገድለዋል ተብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራ ኖሮ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1894 በ44 ዓመቱ በድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ሞተ። የሳሞአ ሰዎች በቫኤያ ተራራ ላይ ዱሩን መንጥረው መንገድ ከፈቱና ሬሳውን በትከሻቸው ተሸክመው ባሕሩ በሚታይበት ጫፍ ቀበሩት።

ካስኮ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ጌጧ ተገፎ የአቆስጣ አዳኞች ማመላለሻና የጭነት መርከብ ሆና ስታገለግል ቆይታ፣ በ1919 በቤሪንግ ባሕር በኪንግ ደሴት ቋጥኞች ላይ ተሰበረች።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሸራ መርከብ የሚያከራዩ ሰዎች የተከራዩን የመርከብ ነጂነት ማስረጃ ሳያዩ ቁልፍ አይሰጡም። ማስረጃ የሌለው ደግሞ የሠለጠነ ካፒቴን እንዲቀጥር ይደረጋል። ይህ ዶክተር ሜሪት በ1888 ያስገቡት ግዴታ ነው። ተከራዩም በበኩሉ ከመነሣቱ በፊት ምሰሶውን፣ ፓምፑን፣ መልሕቁንና የነፍስ ማዳኛውን አንድ በአንድ ፈትሾ መረከብ አለበት። ይህ ደግሞ በካስኮ ላይ የጎደለው ግማሽ ነው። ሁለቱ ግማሾች ካልተገጣጠሙ ጥሩ ካፒቴን በበሰበሰ ምሰሶ ሥር፣ ወይም ጥሩ መርከብ በማያውቅ ሰው እጅ ትሆናለች። ስቲቨንሰንን ያዳነው ታሂቲ ላይ በጊዜ የተገኘው ጉድለት ነው። አያቱ ቤል ሮክን ሲያሠሩ ግን ነገሩን ለአጋጣሚ አልተዉትም ነበር። በየዕለቱ ውሃው በሸሸ ቍጥር ሠራተኞቹ ወደ ቋጥኙ እየተመለሱ፣ ማዕበሉ ያገኘውን ሥራ እንደገና ይመለከቱት ነበር።